የሌላ መኪና ብናኝ

ሃጂ ሙሚን ያቺን ሰማያዊ መርቼዲስ ከዮሳዲቅ በቀር ለማንም መካኒክ አስነክተው አያውቁም። ዮሳዲቅ ከድሬዳዋ ጅቡቲ መጥቶ ዋራበሌ ሰፈር ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ሲከፍት የመጀመሪያ ደንበኛው እሳቸው ነበሩ። ያኔ ሰፈሩ ገና አያውቀውም፤ ሰዉ ቆም ብሎ አይቶት ያልፋል እንጂ መኪናውን የሚያምነው አልነበረም። ሃጂ ግን መርቼዲሷን በሩ ላይ አቆሙና ወንበር ስበው ጥላው ውስጥ ቁጭ አሉ። «አቦ፣ ክፈታት እንጂ! ምን ታያታለህ?» አሉት። በማግስቱ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። ዮሳዲቅ ጅቡቲ ላይ ሰው የሆነው በእሳቸው አፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መኪናዋ ከዮሳዲቅ በዕድሜ ትበልጣለች። ሃጂ የገዟት በማዕከላዊ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ከፍተው በደህና ይነግዱ በነበሩበት ዘመን ነው። ማርሿን ራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ ስለነበረች ያኔ ሰው ቆሞ ያያት ነበር። ሱቁን ለልጃቸው ለጀዋሪያ ካስረከቡ ወዲህ ግን ሃጂ አንድ ሥራ ብቻ ቀራቸው። ባቡር በሚገባበት ቀን ናጋድ ጣቢያ ወርደው ከድሬ የመጣ ሰው ይቀበላሉ። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው፤ ሻንጣ የከበዳትን አሮጊት፣ ሕፃን ያዘለችን እናት፣ ያገኙትን ሁሉ ጭነው ቤቱ ደጃፍ ድረስ ያደርሳሉ። በምላሹ የሚፈልጉት የድሬን ወሬ ነው። ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ የደቻቱ ወንዝ ዘንድሮ ሞላ ወይ።

ሰኔ ሲያልቅ መኪናዋ ታመነታ ጀመር። ሃጂ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው ሁሉንም ዘርዝረው ለዮሳዲቅ ነገሩት።

«ማርሹን ወደ ፊት ሳስገባው ትንሽ ታስብና ነው የምትይዘው። መንገድ ላይ ደግሞ ማርሽ ልትቀይር ስትል ሞተሩ ዝም ብሎ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትራመድም።»

«ፊልትሮው ተዘግቶ ይሆናል፣ ሃጂ። ዘይቷም አርጅቷል። ትተዋት ይሂዱ፣ እኔ አያታለሁ።»

ዮሳዲቅ መኪናዋን በክሪክ አነሳትና ከታች ገባ። የካምቢዮውን የዘይት መያዣ፣ የኮፓውን ቡሎኖች በየተራ አላላቸው፤ ዘይቱም በአንድ ጥግ በኩል ወደ ባልዲው ወረደ። አዲስ ሲሆን እንደ ሮማን ጭማቂ የሚቀላው ዘይት ጠቁሯል። ቢሆንም አፍንጫውን አስጠግቶ ሲያሸተው የማረር ሽታ አልነበረውም። ኮፓው ሥር የተኛው ደለል ስስና ግራጫ ነበር፤ በጣቱ መሀል ሲያሸው ለሰለሰለት እንጂ ብረት አልቆረቆረውም። ይህ የእርጅና ደለል ነው፤ ማንኛውም ያገለገለ ካምቢዮ ያወጣዋል። ጥፋቱ የፊልትሮው ነበር፤ ከመታፈኑ የተነሣ ዘይት አያሳልፍም። አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ንጹሕ ዘይት ካገኘች ገና ብዙ ትሄዳለች። ዮሳዲቅ ደስ አለው። ፊልትሮውን ዱባይ ላለ ሰው በስልክ አዘዘና ኮፓውን አጥቦ አስቀመጠ።

በማግስቱ ጀዋሪያ መጣች። ከገበያ በቀጥታ እንደመጣች ልብሷ ላይ የተጣበቀው የጨርቅ ክር ይናገራል። ወንበር ቢያቀርብላትም አልተቀመጠችም።

«መኪናዋ ትድናለች?»

«ምን ሆነችና! ዕቃው እስኪመጣ ነው እንጂ ትነሳለች።»

«እንዳትነሳ።»

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ባለፈው ከናጋድ ስንመለስ ከአባ ጎን ተቀምጬ ነበር» አለች። «ወደ የመን ሊሻገሩ በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ ልጆች በመንገዱ ዳር ተሰልፈዋል። አባ አላያቸውም። ፍሬን እንኳ አልነካም፣ ዮሳዲቅ። የጎን መስታወቱ አንዷን ያዛትና ወረወራት። ‹ምንድን ነው?› አለኝ። እኔም ‹በርሜል ነው፣ ነፋስ ያንከባለለው› አልኩት።»

ዮሳዲቅ በእጁ የያዘውን ጨርቅ አስቀመጠ።

«አባን ቤት አስገብቼ በታክሲ ተመለስኩ። እዚያው ዳር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እጇ ተሰብሮ ነበር። ክሊኒክ ወስጄ ጀሶ አስደረግኩላትና እዚሁ በልበላ የአገሯ ሰዎች ጋ አስጠጋኋት። የወሎ ልጅ ናት፣ ውዳድ ትባላለች።» ከልብሷ ላይ አንዱን ክር ነቀለች። «ሰውን በርሜል አልኩት እኮ!»

«ታዲያ ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?»

«ሰው ገጨህ ብዬ ብነግረው በሐዘን ይሞትብኛል። ዓይንህ ደክሟል ስለው ‹ፀሐዩ ነው› ይላል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው ይቆጣል። ቁልፉን ደብቄበት ነበር፤ ልጄ ንቃኛለች ብሎ ሽማግሌ ሊሰበስብ ተነሣ። አንተን ግን ያምንሃል። ‹ካምቢዮው አልቋል› በለው። አንዲት ቃል ናት።»

ዮሳዲቅ ጨርሶ የማይዋሽ ሰው አልነበረም። እንደማንኛውም መካኒክ ደንበኛውን «ነገ ና» እያለ ያመላልሳል። ከፍቶ ባየው ሞተር ላይ ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ እሱን እንደ መሐላ ነበር የያዘው። እንቢ አላት። ከዚያ መስታወቱን ሄዶ አየው። ወደ ውስጥ ተጣምሟል፤ ጠርዙ ላይ የልብስ ክር ተሰክቷል። በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰበረው እጅ ብቻ ላይሆን ይችላል። ነፍስ ለማዳን የተነገረች ውሸት ምን ኃጢአት አላት ብሎ ራሱን አሳመነ። «እሺ» አላት።

ሃጂ ሲመጡ ግን አንዲት ቃል እንደማትበቃ ያውቅ ነበር። ሰውየው ጠያቂ ናቸው፤ «እስኪ ልየው» ይላሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ከአንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ካምቢዮ የወጣ የብረት ብናኝ አመጣና መርቼዲሷ ኮፓ ውስጥ በተነው። በገዛ እጁ ባጠበው ኮፓ ላይ ነው የበተነው። ሲበትነው እጁ እንደ ሌባ እጅ ፈጠነበት።

«ሃጂ፣ ካምቢዮዋ አልቋል» አላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

ሽማግሌው ኮፓውን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። ማየት ስላቃታቸው ጣታቸውን አሳረፉበት። ብናኙ ጣታቸው ላይ ሲቆረቁራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«የገደልኳት እኔ ነኝ። በረመዳን ናጋድ መንገድ ላይ ዘይት አንሷት ስታስቸግረኝ፣ ከሱቅ ያገኘሁትን የሞተር ዘይት በካምቢዮው በኩል ጨመርኩባት። ትቆጣኛለህ ብዬ ሳልነግርህ ቀረሁ። አየህ? ይኸው።»

ጥቂት የሞተር ዘይት እንዲህ ያለ ብናኝ እንደማያወጣ ዮሳዲቅ ያውቃል። ጉዳዩ በዚያ ሊቃለል ይችል ነበር፤ «አይ፣ እሱ አይደለም፣ ዕድሜዋ ነው» ቢላቸው ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣበት ፈራ። የሽማግሌው ምክንያት በራሱ እግር መጥቶ ውሸቱን ደገፈለት።

«ሊሆን ይችላል» አለ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ስንት የለፋህባትን መኪና!»

ጀዋሪያ የለመነችው ውሸት አንድ ነበር። ይህኛውን ማንም አልለመነውም። ያን ቀን ዮሳዲቅ ምሳውን ሲበላ የብረቱ ብናኝ ጥርሱ ውስጥ የገባ ያህል ይሻክረው ነበር።

ሃጂ መኪናዋን ይሽጧት፣ ያንሷት ሲባሉ እንቢ አሉ። «እዚሁ ትቁም» አሉና በየጊዜው እየመጡ ይቀመጡ ጀመር። ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። ከዳሽቦርዱ ላይ አቧራ ይጠርጋሉ፣ መሪውን ይዳስሳሉ፣ ደግሞ «ምን አስቸኮለኝ? አንድ ስልክ ብደውልልህ ምን ነበረበት?» ይላሉ። ዮሳዲቅ ሌላ መኪና ሥር ይገባል፤ የሚሠራው ነገር ባይኖረውም እንኳ ይገባል። ከዱባይ የመጣውን ፊልትሮ ከነማሸጊያው መደርደሪያው ላይ ከአሮጌ ዕቃ ኋላ ደበቀው።

ሐምሌ ገባ፤ ኸምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ከተማውን ያነፍር ጀመር። አንድ የባቡር ቀን ከሰዓት በኋላ ጀዋሪያ ደወለችለት። ቃሏ አልያያዝ አላት። አባቷ ለማንም ሳይነግሩ በሚኒባስ ናጋድ ወርደዋል። እንግዶቹን ተቀብለው ሻንጣ እየተሸከሙ ወደ መንገድ ሲያወጡ ፀሐዩ ላይ ወድቀዋል። ሰዎች አንሥተው ሆስፒታል አድርሰዋቸዋል።

ዮሳዲቅ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሄደ። ጀዋሪያን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አገኛት።

«ነቅቷል፣ ውኃ በደም ሥሩ እየሰጡት ነው» አለችው። «ምን አደረግን፣ ዮሳዲቅ?»

«ልነግራቸው ነው።»

«ስለ መኪናዋ ንገረው። ስለ ልጅቷ ግን ተወው፣ በአላህ።»

ገባ። ሃጂ አልጋው ላይ ተዘርግተዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ሲያዩት ሊነሡ ሞከሩና አቃታቸው።

«አየህ፣ መኪናዋን ገድዬ ቀጥሎ ወደ ራሴ ዞርኩ» አሉ። ሊያስቁት ነበር የፈለጉት።

ዮሳዲቅ ከአልጋው እግርጌ ቆመ።

«ሃጂ፣ መኪናዋ ደህና ናት። ካምቢዮዋ አላለቀም። የተዘጋው ፊልትሮው ነው። አዲሱም ከመጣ ቆይቷል፣ ደብቄዋለሁ።»

«ብናኙስ?»

«የሌላ መኪና ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩት። እርስዎ የጨመሩት ዘይት ምንም አላደረጋትም። ‹ሊሆን ይችላል› ያልኩዎ ሐሰት ነው።»

ጉሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል ይታያል። ዮሳዲቅ ቢሰድቡት በወደደ።

«ለምን?» አሉ ሃጂ።

እዚህ ላይ እውነቱን ከፍሎ መንገር እንደማይቻል ገባው። መልሱ ያለ ልጅቷ አይቆምም፤ ስለ ልጅቷ መናገር ደግሞ ጀዋሪያን ማጋለጥ ነው። ሌላ ውሸት አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ከኋላው የበሩ መጋረጃ ተገለጠ።

«እኔ ነኝ ያስደረግሁት፣ አባ» አለች ጀዋሪያ። «ያኔ ከናጋድ ስንመለስ የመታኸው በርሜል አልነበረም።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። እንባ አልወጣትም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ እንደ ምስክር ቃል በቃል ተናገረች። ሃጂ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ሰው ገጭቼ ቤቴ ገብቼ ራት በላሁ?» አሉ።

«አላወቅህም እኮ፣ አባ።»

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር። አንተም» አሉ ወደ ዮሳዲቅ ዞረው። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «መኪናዬን ብትወስዱብኝ እችለው ነበር። ‹ዓይንህ ጠፍቷል› ብትሉኝ ተቆጥቼ፣ ተሳድቤ፣ በኋላ እሰማችሁ ነበር፤ ምናልባትም አልሰማችሁ ነበር፣ እንጃ። ግን ይቅር በይኝ የምላትን ሰው ደበቃችሁብኝ። ሂዱና አምጡልኝ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጀዋሪያና ዮሳዲቅ ከሆስፒታሉ በቀጥታ በልበላ ወጡ። ውዳድ የተጠጋችበት ቤት ባለቤት ማይሙና ለመንገደኞች ክፍል የምታከራይ የደሴ ሴት ናት። በሩ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ ጀዋሪያን ስታይ ገመዱን ለቀቀችና፦

«ሄደች እኮ!» አለች። «ጀሶውን በመቀስ ቀዳ ጣለችው። ‹ቆይ፣ አጥንትሽ አልገጠመም› ብላት ጓደኞቼ ጥለውኝ ይሄዳሉ አለች። ኦቦክ ከደረሱ ቆይተዋል።»

«ስልክ የላትም?»

«ሰጥታኝ ነበር። ደውሉ።»

ደወሉ፤ አልጠራም። ደጋግመው ሞከሩ። ማይሙና እያየቻቸው «እዚያ ማዶ ከተሻገሩ በኋላ ይህ ቁጥር አይሠራም» አለች። ጀዋሪያ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዮሳዲቅ የልጅቷን መልክ ለማሰብ ሞከረ፤ አይቷት አያውቅም። ፊት ለሌለው ሰው የሚሰማው ጸጸት የት ላይ እንደሚያርፍ ጠፋው። መኪናዋ ሥር ተንጋልሎ ቡሎን እየፈታ በነበረ ጊዜ ውዳድ ከጋራዡ በእግር በሚደረስበት ሰፈር ውስጥ ተኝታ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሃጂን ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር።

ሃጂ ወሬውን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «በየትኛው እጇ ነው?» አሉ። «በቀኙ» አለቻቸው ጀዋሪያ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከንፈራቸው ለዱዓ ሲንቀሳቀስ ስሟ ደጋግሞ ተሰማ።

ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ወደ ጋራዡ መጡ። ዓይናቸውን ታይተዋል፤ አንደኛው በቀዶ ጥገና ሊሻል እንደሚችል፣ ሌላው ግን እንደመሸበት ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ወንበር ስበው መርቼዲሷ አጠገብ ተቀመጡ።

«አቶ ዮሳዲቅ፣ ሥራህን ጨርስ» አሉ።

«ልጄ» አላሉትም። ዮሳዲቅ እንዲህ ብለው ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። ልጃቸው አለመሆኑን እንኳ እስከዚያች ቀን ድረስ አስቦት የሚያውቅ አይመስልም።

ኮፓውን እንደገና አጠበ፤ ጥግ ጥጉን በጨርቅ፣ በብሩሽ፣ ከዚያም በነፋስ አጸዳው። የሚያደርገውን እያንዳንዱን ነገር ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ማንም አላዘዘውም። አዲሱን ፊልትሮ ገጠመ፣ ጓርኒሲዮኑን አነጠፈ፣ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ እኩል እኩል አጠበቀ። ቀዩን ዘይት በቀጭን ማጥለያ ጨመረ። ሞተሩን አስነሥቶ ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አዘዋወረው፤ ሲሞቅም መለኪያውን አውጥቶ የጎደለውን ሞላ። ከዚያ በሰፈሩ አቧራማ መንገድ ላይ ነዳት። መርቼዲሷ ምንም ሳታመነታ ተንቀሳቀሰች፤ ማርሽ ስትቀይርም አልታወቀባትም። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ሌላ ጊዜ ልቡ ይሞቅ ነበር። አሁን ደህንነቷ ራሱ ከሰሰው።

ሃጂ ቁልፉን ተቀብለው ለጀዋሪያ ሰጡ። አልፎ አልፎ በልበላ ዳር ባለው ባዶ ሜዳ ዮሳዲቅ መንዳት አስተማራት፤ ካምቢዮው የራሱን ሥራ ስለሚሠራ ከመሪና ከፍሬን ሌላ የሚያስጨንቃት አልነበረም። መስከረም ሲጠባ በባቡር ቀን ሦስቱም ናጋድ ወረዱ። ሃጂ ከፊት፣ ዮሳዲቅ ከኋላ። እሱን ለምን እንደጠሩት አልነገሩትም።

ከድሬ የመጡ ሁለት እህትማማቾች ጫኑ። አንደኛዋ ሀኪማ ትባላለች፤ ባሏ ቀርቲዬ ሁለት ሰፈር ውስጥ ታክሲ አለው። መኪናዋ ያለ ድምፅ ስትሄድ ወንበሩን እየዳሰሰች አደነቀች።

«ወላሂ፣ እንደ አዲስ ናት! ማን ነው የሚሠራላችሁ? የእኛዋ ታክሲ ሁሌ ጋራዥ ናት።»

«እሱ ነው፣ አጠገብሽ ያለው» አሉ ሃጂ ሳይዞሩ። «እጁ ጎበዝ ነው። ባልሽን ላኪው። ግን ሲከፍተው አጠገቡ ይቁም፤ በዓይኑ ይይ።»

ሀኪማ የቀለዱ መስሏት ሳቀች። ጀዋሪያ በመስታወቱ ዮሳዲቅን አየችውና ወዲያው ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ዮሳዲቅ ፊቱ ጋለ። የተባለው እውነት ነው።

ሴቶቹን ቤታቸው አድርሰው፣ ዮሳዲቅ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሲመለስ፣ ሃጂ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠበቁት።

«የኋላው ፍሬን ይጮሃል» አሉት። «ነገ ከአስር ሰላት በፊት እቤት ና። እኔም አጠገብህ እቆማለሁ።»

«እሺ፣ ሃጂ» አለ ዮሳዲቅ።